ከቱሉ ዲምቱ ሲመዘኑ፦ የአየር ርቀትና የበረራ ጊዜ ማስያ ገጾች

በሁለት ከተሞች መካከል ያለውን የአየር ርቀትና የበረራ ጊዜ አስልተው የሚነግሩ ነፃ የኢንተርኔት ገጾች ብዙ ናቸው፤ አሠራራቸውም ከሞላ ጎደል አንድ ነው። በአንዱ ሣጥን መነሻ ከተማ፣ በሌላው መድረሻ ከተማ ይጻፋል፤ ቁልፉ ሲነካ ርቀቱ በኪሎ ሜትርና በማይል፣ ጊዜው በሰዓትና በደቂቃ ሆኖ ይመጣል። ገንዘብ አይጠይቁም፣ ስምና ስልክ አስመዝግቡ አይሉም፣ ኔትዎርክ ደካማ በሆነበት ሰዓትም ጥቂት ለታገሠ ሰው ይከፈታሉ። ይህ ግምገማ የሚመለከተው እነዚህን ገጾች ሲሆን፣ የሚመዝናቸውም ከቦሌ ተርሚናል በር ላይ ቆሞ ሳይሆን ከአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ የአዲስ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ከሚጀምርበት ከቱሉ ዲምቱ ነው። ከዚህ ሲታይ የገጾቹ ጥቅምም ጉድለትም ጎላ ብሎ ይወጣል። በአጭሩ ለመናገር፣ የሚሰጡት ርቀት ይታመናል፤ የሚሰጡት ጊዜ ግን የጉዞው አንድ ቁራጭ ብቻ ነው፤ እርሱም ቢሆን ሁልጊዜ ትክክል አይደለም።

ገጾቹን የሚጠቀምባቸው የጉዞ ፍቅር ያለው ሰው ብቻ አይደለም። በቱሉ ዲምቱና በአጎራባቹ በኮዬ ፈጬ፣ ከኮንዶሚኒየም ሥር ባሉ ጠባብ ሱቆች ውስጥ ፎቶ ኮፒ የሚያነሡ፣ የፓስፖርት ፎርም የሚሞሉና የአውሮፕላን ትኬት የሚቆርጡ ወጣቶች አሉ፤ ደንበኛ «ስንት ሰዓት ያስኬዳል?» ብሎ ሲጠይቃቸው ቶሎ የሚከፍቱት ይህንኑ ገጽ ነው። ስለዚህ የገጹ ቁጥር ኮምፒውተር ነክቶ ለማያውቅ መንገደኛም ይደርሳል፤ መንገደኛውም ዘመድ አዝማዱን «በዚህ ሰዓት ጠብቁኝ» የሚለው በዚያው ቁጥር ተመሥርቶ ነው።

ከርቀቱ እንጀምር፤ ገጾቹ የሚመሰገኑት በዚህ ነውና። የሚያሰሉት በሉል ላይ ሁለት ነጥቦችን የሚያገናኘውን አጭሩን ቅስት ሲሆን፣ ለዚህ የሚያስፈልጋቸው የሁለቱ ቦታዎች ኬክሮስና ኬንትሮስ እንዲሁም 6,371 ኪሎ ሜትር ተደርጎ የሚወሰደው የምድር አማካይ ሬዲየስ ብቻ ነው። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር 333 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ድሬዳዋ 343 ገደማ፣ ጎንደር 420 ገደማ፣ መቀሌ 500 ገደማ ይወጣል። አንዱ ገጽ 333፣ ሌላው 334 ቢል ማንም ሊጨነቅ አይገባም፤ ምድር ፍጹም ድቡልቡል ስላልሆነች፣ ይልቁንም በምድር ወገብ በኩል ትንሽ ሰፋ፣ በዋልታዎቿ በኩል ትንሽ ጠፍጠፍ ያለች ስለሆነች፣ ይህን ያገናዘበና ያላገናዘበ ስሌት በጥቂቱ ይለያያል። በእጅ ማስያ የሞከርኳቸው ርቀቶች ሁሉ ገጾቹ ከሚሰጡት ጋር ተቀራርበዋል።

ይህ ቁጥር ብቻውን ሲታይ ደረቅ ነው፤ ከየብስ መንገዱ ጎን ሲቀመጥ ግን ስለ አገሩ አቀማመጥ ይናገራል። ባሕር ዳር በመኪና በደብረ ማርቆስ በኩል 550 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ይህም ከአየር መስመሩ በአንድ ተኩል እጥፍ ይበልጣል። ምክንያቱም መንገዱ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ እየተጠማዘዘ ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ እንደገና እየተጠማዘዘ ወደ ደጀን ከወጣ በኋላ ጎጃምን ዞሮ ስለሚደርስ ነው። ጅማ ግን በአየር 260፣ በመኪና 350 ኪሎ ሜትር ገደማ በመሆኗ ልዩነቱ በጣም ይጠብባል። ትኬት ለመቁረጥና በአውቶቡስ ለመሄድ የሚያመነታ ሰው እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ቢያይ፣ አውሮፕላን የቱ ላይ ብዙ እንደሚያተርፍለት ወዲያው ይገባዋል። ሁለቱንም በአንድ ስክሪን ላይ የሚያሳዩ ገጾች ስላሉ፣ ምርጫ ያለው ሰው እነርሱን ቢይዝ ይሻለዋል።

ካርታ የሚስሉት ደግሞ ሌላ ጥቅም አላቸው። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ያለውን መስመር ሲስሉ ሰው የሚጠብቀው በአፍሪካ ወገብ አቋርጦ በአትላንቲክ ላይ ቀጥ ብሎ የሚሄድ መስመር ነው፤ የሚወጣው ግን ሰሜን ምዕራብን ይዞ በሱዳን በኩል ወደ ሜዲትራኒያን የሚወጣና ወደ ላይ የተለጠጠ ቀስት ነው። መስመሩ የተሳሳተ የሚመስለው ካርታው ጠፍጣፋ ስለሆነ ነው፤ በሉል ላይ ክር ወጥሮ የሞከረ ሰው አጭሩ መንገድ ያ ቀስት መሆኑን ያረጋግጣል። በዚህ ረገድ በአውሮፕላን ማረፊያዎች ኮድ የሚሠራው ግሬት ሰርክል ማፐር ከሁሉም የተጣራ ሥራ ይሠራል፤ ለአዲስ አበባ ኤ ዲ ዲ፣ ለባሕር ዳር ቢ ጄ አር የሚሉትን ሦስት ሦስት ፊደላት ማወቅ ስለሚጠይቅ ግን ለሁሉም አይመችም።

ከተማን በስም የሚቀበሉት ገጾች ከዚህ ይልቅ ይቀላሉ፤ ነገር ግን ቅለታቸው ራሱ ችግር ያመጣል። የሚለኩት ከከተማ መሐል እስከ ከተማ መሐል በመሆኑ፣ በዚያ ከተማ አውሮፕላን ይረፍ አይረፍ አይጠይቁም። ሐረር ብለው ቢጽፉ 370 ኪሎ ሜትር ገደማና አንድ ሰዓት የማይሞላ በረራ ይሰጣሉ፤ ሐረር ግን አውሮፕላን ማረፊያ የላትም፤ መንገደኛው ድሬዳዋ ወርዶ 50 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ዳገቱን መውጣት አለበት። ላሊበላም ማረፊያው ከከተማዋ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ለሳቅ ያህል አዳማን ጽፌ ነበር፤ 78 ኪሎ ሜትርና የ36 ደቂቃ በረራ ወጣልኝ። ከቱሉ ዲምቱ የክፍያ ጣቢያውን አልፎ በፍጥነት መንገዱ የሚሄድ ሚኒባስ አዳማ ለመግባት አንድ ሰዓት አይፈጅበትም፤ የመንገዱ ጠቅላላ ርዝመትም 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሌለ በረራን በደቂቃ ቆጥሮ መስጠት ከማይጠቅም መረጃነቱ በላይ የገጹን ሌላ ቁጥር ሁሉ ያስጠረጥራል።

ያ 36 ደቂቃ ከየት እንደመጣ ማወቅ የጊዜውን ነገር ይፈታል። አብዛኞቹ ገጾች የሚጠቀሙት ቀመር አንድ ነው፦ ርቀቱን በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ለሆነ የጄት ፍጥነት ያካፍሉና ለመነሻና ለማረፊያ ግማሽ ሰዓት ይደምራሉ። ለአዳማ ስድስት ደቂቃ ሲደመር ሠላሳ ማለት ነው። ለባሕር ዳር 25 ደቂቃ ሲደመር ሠላሳ፣ 55 ደቂቃ ይሆናል፤ የበረራ ሰሌዳው ከሚለው ከአንድ ሰዓት ገደማ ጋርም በጣም ይቀራረባል። መቀራረቡ ግን ከቀመሩ ትክክለኛነት የመጣ አይደለም። በአገር ውስጥ መስመሮች ላይ በብዛት የሚበረው ዳሽ 8-400 ባለ ማራገቢያ ቱርቦፕሮፕ አውሮፕላን ሲሆን፣ በከፍተኛ የጉዞ ፍጥነቱ እንኳ 670 ኪሎ ሜትር አይደርስም። በአንድ በኩል ፍጥነቱ ተጋኖ፣ በሌላ በኩል የመነሻና የማረፊያው ጊዜ ለአጭር በረራ በልግስና ስለተሰጠ፣ ሁለቱ ስሕተቶች ይቻቻላሉ። ለአገር ውስጥ ጉዞ ገጾቹ ከነጉድለታቸው ይሠራሉ ብሎ መደምደም ይቻላል።

ርቀቱ ሲረዝም ግን መቻቻሉ ያበቃል። ለዱባይ፣ ለ2,520 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ቀመሩ 3 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ይሰጣል፤ በሰሌዳው ላይ የሚገኘው አራት ሰዓት ገደማ ነው። የአየር መንገዶች ሰሌዳ የሚቆጥረው አውሮፕላኑ ከቆመበት ተገፍቶ ከወጣበት ደቂቃ ጀምሮ በመድረሻው ሞተር አጥፍቶ እስከሚቆምበት ድረስ ያለውን ነው፤ በማኮብኮቢያው ጫፍ ተራ መጠበቅም፣ በተጨናነቀ ማረፊያ ላይ በአየር መዞርም በውስጡ አለ። ቀመሩ ይህን አያውቅም።

የዋሽንግተን መስመር ከሁሉም ይልቅ አስተማሪ ስለሆነ ጠለቅ ብሎ ማየት ይገባል። ርቀቱ 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቀመሩ ለመሄጃውም ለመመለሻውም እኩል 15 ሰዓት ገደማ ይሰጣል። እውነቱ ግን መሄጃውና መመለሻው ፈጽሞ አይመሳሰሉም። ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ የሚመጣው በረራ ሳያርፍ 13 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፤ ከአዲስ አበባ የሚሄደው ደግሞ ለዓመታት እንደ ደብሊን ባሉ ከተሞች ነዳጅ ለመቅዳት እያረፈ 16 ሰዓትና ከዚያ በላይ ሲፈጅ ኖሯል። እንግዲህ የገጹ 15 ሰዓት ለአንዱ በዝቶ ለሌላው አንሶ፣ ለአንዳቸውም ሳይሆን ቀረ ማለት ነው።

ምክንያቱ ሁለት ነው። የመጀመሪያው ቦሌ ራሱ ነው። ማረፊያው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብሎ የሚገኝ በመሆኑ አየሩ ስስ ነው፤ በስስ አየር ውስጥ ክንፍ የሚያነሣው ክብደት ይቀንሳል፣ ሞተርም የሚገፋበት ኃይል ይቀንሳል። ስለዚህ አሥራ አንድ ሺሕ ኪሎ ሜትር የሚያስኬድ ነዳጅ፣ ሙሉ መንገደኛና ሙሉ ጭነት አንድ ላይ ይዞ መነሣት ይከብዳል፤ ከማኮብኮቢያዎቹ አንዱ 3,800 ሜትር ቢረዝምም እንኳ። ዋሽንግተን ግን ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ ስለማይል ያው አውሮፕላን እስከ አፉ ነዳጅ ሞልቶ ይነሣል። ሁለተኛው ነፋስ ነው፤ በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ መካከለኛ ኬክሮስ ላይ ከፍ ብሎ የሚነፍሰው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለሆነ፣ የሚመጣውን ከኋላ ይገፋዋል፣ የሚሄደውን ከፊት ይይዘዋል። በደብሊን ማለፉ የሚጨምረው ርቀት ግን ሰው እንደሚያስበው ብዙ አይደለም፤ አዲስ አበባ–ደብሊን 6,365፣ ደብሊን–ዋሽንግተን 5,464 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢደመር ከቀጥታው መስመር የሚበልጠው በ270 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በቀመሩ ሒሳብ ይህ የሃያ ደቂቃ ጉዳይ ነው። ሰዓቱን የሚበላው ወርዶ፣ ቀድቶ፣ እንደገና መነሣቱ ነው። ገጾቹ ከኪሎ ሜትር ሌላ ነገር ስለማይቆጥሩ ይህን ሊያዩት አይችሉም።

የማያዩት ሌላው ነገር የተዘጋ ሰማይ ነው። ካይሮ ከአዲስ አበባ 2,470 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ መስመሩም በሱዳን ላይ ያልፋል። የሱዳን ጦርነት ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሲጀመር የአገሪቱ የአየር ክልል ለሲቪል በረራ ተዘግቶ፣ ወደ ካይሮና ወደ አውሮፓ የሚሄዱ አውሮፕላኖች ወደ ቀይ ባሕር በኩል ለመዞር ተገደዱ፤ ገጾቹ ግን በዚያን ሰሞንም ያንኑ 2,470 ሲሰጡ ነበር። አስመራም እንዲሁ ናት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ያደረገው በአስመራ በኩል ነበር፤ ርቀቱም 700 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በቀመሩ መሠረት አንድ ሰዓት ከ22 ደቂቃ ነው። ይህ መስመር ለሃያ ዓመት ያህል ተዘግቶ ቆይቶ ሐምሌ 2010 ዓ.ም. ተከፈተ፤ ነሐሴ 2016 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ ደግሞ ተቋረጠ። በረራው ባልነበረባቸው በእነዚያ ዓመታት ሁሉ አንድ ሰዓት ከ22 ደቂቃ ማለት በሦስተኛ አገር ዞሮ ቀን ሙሉ ለሚንከራተት ቤተሰብ ምንም ማለት አልነበረም። ገጹ ቢያንስ «በዚህ መስመር ቀጥታ በረራ መኖሩን አረጋግጡ» የሚል አንድ መስመር ቢጨምር ምን ይጎዳው ነበር?

የሰዓት አቆጣጠሩ ነገር ደግሞ ለእኛ ለብቻው ይነሣል። በቅርቡ ኮዬ ፈጬ ውስጥ በሚገኝ አንድ ትኬት ቢሮ ተራ ስጠብቅ፣ ጅዳ ያለች ልጃቸውን ለመጠየቅ የሚሄዱ እናት ከፊቴ ነበሩ። «ልጄ፣ ስንት ሰዓት ያስኬዳል?» አሉ። ወጣቱ ሠራተኛ ገጹን ከፍቶ ስክሪኑን ወደ እርሳቸው አዞረና «ሁለት ሰዓት ከሩብ ነው እማማ» አላቸው። «ውይ! ታዲያ ከደብረ ብርሃንም አይርቅ! ቁርሴን እዚህ በልቼ ምሳዬን ከልጄ ጋር ነዋ!» ሲሉ ልጁ ሳቅ አለና እርሳስ አነሣ። ከታተመው ትኬት ጀርባ ላይ በትልልቅ ቁጥር፣ እየጻፈም እየነገራቸውም፦ «ከቤት የሚወጡት ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል፤ ቦሌ የሚደርሱት አሥራ አንድ ተኩል፤ አውሮፕላኑ የሚነሣው ጠዋት ሁለት ተኩል፤ ጅዳ የሚወርዱት አምስት ሰዓት፤ ሻንጣዎን ይዘው ልጅዎን የሚያገኙት ስድስት ተኩል፣ ቢዘገይ ሰባት።» እናትየው ወረቀቱን አጥፈው መቀነታቸው ውስጥ ከከተቱ በኋላ «ምሳው እንኳ ይደርሳል፤ ቁርሱ ነው የቀረው» አሉ። በትኬቱ ፊት ላይ የታተመው 08፡30 ነበር፤ እንደ ልማዳችን ስምንት ሰዓት ተኩል ብሎ የሚያነብብ ሰው እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ቦሌ ሄዶ የተዘጋ በር ያገኛል። ስለ ጅዳ ቢያንስ አንድ ነገር ቀላል ነው፤ ሰዓቷ ከእኛ ጋር እኩል ነው። ዱባይ ግን በአንድ ሰዓት ስለምትቀድመን፣ በትኬቱ ላይ የመነሻና የመድረሻውን ልዩነት የሚቆጥር ሰው መሄጃው አምስት ሰዓት፣ መመለሻው ሦስት ሰዓት ይመስለዋል። ዋሽንግተን በበጋቸው በሰባት፣ በክረምታቸው በስምንት ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። ጥሩዎቹ ገጾች የሰዓት ልዩነቱን ከርቀቱ ሥር ያስቀምጣሉ፤ የኢትዮጵያን አቆጣጠር ጨምሮ የሚያሳይ ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

ከዚህ ሁሉ የባሰው የሌሊት በረራ ነው። ብዙ የውጭ በረራዎች ከቦሌ የሚነሡት በሌሊት ነው። ትኬቱ ማክሰኞ 00፡45 ካለ፣ በእኛ አነጋገር ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ከ45 ነው፤ ይህም ማለት ሰኞ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ከቤት መውጣት ነው። ማክሰኞን ማክሰኞ ብሎ የጠበቀ ሰው አውሮፕላኑ ከሄደ በኋላ ሻንጣውን ያዘጋጃል። የርቀት ማስያ ይህን የማስረዳት ግዴታ የለበትም ሊባል ይችላል፤ ሆኖም መድረሻ ቀንና ሰዓት አስልቼ እሰጣለሁ የሚል ገጽ ከሆነ መነሻውን ሌሊት ከነዕለቱ አጉልቶ ቢያሳይ ተገቢ ነው።

አሁን ወደ ቱሉ ዲምቱ እንመለስ። ከዚህ እስከ ቦሌ ያለው ርቀት ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የገጹ ቀመር በሚይዘው የጄት ፍጥነት፣ የመነሻና የማረፊያው ግማሽ ሰዓት ሳይደመር፣ የአንድ ደቂቃ ተኩል በረራ መሆኑ ነው። በመኪና ሁለት አማራጭ አለ። አንደኛው በአቃቂና በቃሊቲ አድርጎ በሳሪስ በኩል የሚገባው ሲሆን፣ ከጅቡቲ ገቢ ጭነት የሚያመላልሱት ከባድ መኪኖች በዚያው ስለሚያልፉ መቼ እንደሚያልቅ አይታወቅም። ሁለተኛው በኮዬ ፈጬና በቂሊንጦ አድርጎ በቡልቡላ የሚወጣው ነው፤ እርሱ ይሻላል፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ግን እርሱም ያው ነው። ሌሊት ግማሽ ሰዓት የሚበቃው መንገድ በሥራ መግቢያ ሰዓት አንድ ሰዓት ተኩል ሊበላ ይችላል። ለአገር ውስጥ በረራ ሁለት፣ ለውጭ በረራ ሦስት ሰዓት ቀድሞ መገኘት ደግሞ የተለመደ ምክር ነው። እንግዲህ ባሕር ዳር ለሚሄድ የዚህ አካባቢ ነዋሪ ከ55 ደቂቃው ላይ የመንገዱን አንድ ሰዓት ተኩል፣ የፍተሻና የጥበቃውን ሁለት ሰዓት፣ ደርሶ ሻንጣ ተቀብሎ ባጃጅ እስከሚይዝ ያለውን ግማሽ ሰዓት ደምሮ አምስት ሰዓት ገደማ ብሎ መያዝ ነው። አምስት ሰዓት፣ ሌሊት ተነሥቶ ቀኑን ሙሉ ከሚፈጀው አውቶቡስ ጋር ሲነጻጸር አሁንም ትልቅ ትርፍ ነው። ጅማ ላይ ግን ትርፉ ይሳሳል፤ ከሰበታ ለሚነሣ ሰው፣ ወደ ጅማ የሚወስደው መንገድ በደጁ ስለሚያልፍ፣ ወደ ኋላ ቦሌ ድረስ ተጉዞ መብረር ይበልጥ ያጠራጥራል። ሱሉልታ ያለውም እንጦጦን ወርዶ ከተማውን ሰንጥቆ ነው ቦሌ የሚደርሰው። ገጹ ለሦስታችንም አንድ «አዲስ አበባ» ብቻ ነው ያለው።

ስለ አጠቃቀማቸው ብዙ የሚባል የለም። በስልክ ላይ ማስታወቂያ ይበዛባቸዋል፤ አንዳንዶቹም መልሱን ከሦስት የሆቴል ማስታወቂያ ሥር ስለሚቀብሩት ዳታ ይበላሉ። የከተማ ስም በላቲን ፊደል ብቻ ነው የሚቀበሉት፤ ናዝሬትንና አዳማን፣ ደብረ ዘይትንና ቢሾፍቱን እንደ ሁለት ሁለት ከተማ የሚቆጥሩም አሉ። ማይሉ የየብስ ይሁን የባሕር ሳይነግሩ የሚጽፉትን መተው ነው፤ አንዱ 1.609፣ ሌላው 1.852 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ከአምስት ነጥብ ለርቀቱ አምስት፣ ለአገር ውስጥ በረራ ጊዜ ሦስት ተኩል፣ ለረጅም በረራ ጊዜ ሁለት እሰጣለሁ። ትኬት ለሚቆርጥ ሰው የአየር መንገዱ ሰሌዳ እያለ የገጹን ሰዓት መያዝ ምንም ምክንያት የለውም፤ መሄድ ይሻለኝ ይሆን ብሎ ገና ለሚያሰላስል፣ ለተማሪና ለአስተማሪ ግን ገጾቹ በእውነት ይጠቅማሉ። ለትኬት ቢሮዎች የምመክረው ስክሪኑን ወደ ደንበኛ ከማዞራቸው በፊት እንደዚያ ወጣት እርሳሱን እንዲያነሡ ነው።

ሒሳቡ ወደፊት መቀየሩ አይቀርም። በቢሾፍቱ አቅራቢያ፣ አቡሴራ በተባለው ቦታ የሚገነባው አዲሱ አውሮፕላን ማረፊያ ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ሲጠናቀቅ በዓመት እስከ 110 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ ታስቧል። ቦታው ከቦሌ በብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ስለሚል ነዳጅ ሞልቶ የመነሣቱ ችግር ይቀልላል፤ ያኔ የዋሽንግተኑ መሄጃ ወደ ገጹ ቁጥር ጠጋ ሊል ይችላል። በዚያኛው ማረፊያ ባሕር ዳር በአየር ወደ 370 ኪሎ ሜትር ትሆናለች፤ በቀመሩ የሚጨምረው ሦስት ደቂቃ ነው። ከቱሉ ዲምቱ የሚነሣ ሰው ሳሪስንም ቡልቡላንም ትቶ በቀጥታ ወደ ፍጥነት መንገዱ ይወጣል፤ አሁን ለእኛ የምንደምረውን አንድ ሰዓት ተኩል ግን ያን ጊዜ የሽሮ ሜዳና የጉለሌ ሰው ይደምረዋል።